የጽሕፈት ቤቱ ደንጋጭ

አንድ ሕዝብ ምን ያህል እንደ ሠለጠነ የሚለካው በሚያነጥፈው መንገድ ወይም በሚያስተምረው ልጅ ብዛት ሳይሆን ሲኒማ ቤት ገብቶ በሚደነግጠው ድንጋጤ ልክ መሆኑን ከማንም ቀድሞ የተረዳ አንድ መሥሪያ ቤት ነበር። ሙሉ ስሙ የፊልም ምዘናና የድንጋጤ ማረጋገጫ ጽሕፈት ቤት ይባላል። ስሙ ከመርዘሙ የተነሣ ሰሌዳው የሕንፃውን ማዕዘን ዞሮ ግማሹ የሚነበበው በሽንት ቤቱ በኩል ነው። ባለጉዳይ ግን በዚህ ቅር ብሎት አያውቅም፤ ወረፋው ረጅም ስለሆነ ሰሌዳውንም ሽንት ቤቱንም ይፈልጋቸዋል።

ጽሕፈት ቤቱ በተቋቋመ በሁለተኛው ዓመት ያወጣው መመሪያ ቁጥር አራት በወርቅ ቀለም ሊጻፍ የሚገባው ነው። ማንኛውም ፊልም ለሕዝብ ከመቅረቡ በፊት ቢያንስ ሦስት «ያልተጠበቁ የታሪክ እጥፋቶች» ሊኖሩት ይገባል ይላል። ይህ በመሥሪያ ቤቱ ቋንቋ ነው። ሕዝቡ አጠር አድርጎ «ጉድ» ይለዋል። ጉድ የሌለው ፊልም፣ ሰብሳቢው መመሪያውን ሲያስተዋውቁ እንዳሉት፣ «ጎረቤትን በመስኮት እንደ ማየት ነው፤ ለዚያ ደግሞ ትኬት አይቆረጥም።» ተጨበጨበላቸው። ጭብጨባው ይጠበቅ ስለነበር በመመሪያው መሠረት እንደ እጥፋት አልተቆጠረም።

መመሪያው እንከን አልነበረውም። ችግር የገጠመው አፈጻጸሙ ላይ ነው። ጉዱ ያልተጠበቀ መሆኑን የሚያረጋግጡት ሰባቱ የኮሚቴ አባላት ሁሉም ኃላፊዎች ነበሩ፤ ኃላፊ ደግሞ ያልጠበቀው ነገር የለም። ፊልሙ ያልቃል፣ መብራት ይበራል፣ ሰብሳቢው ይጠይቃሉ።

«ገዳዩ ዶክተሩ መሆኑን ቀድሞ ያወቀ አለ?»

«እኔማ ገና ጓንቱን ሲያጠልቅ ነው የነቃሁበት» ይላል የሕግ አማካሪው።

«እኔ ደግሞ ጓንቱን ሲገዛ» ይላል የበጀት ኃላፊው።

ሰብሳቢው ሁሉንም በትዕግሥት አዳምጠው ሲያበቁ፣ «እኔ ፖስተሩን ሳየው» ይላሉ።

ፊልሙ ይወድቃል። በአራት ወር ውስጥ ሠላሳ አንድ ፊልም ወደቀ። ሲኒማ ቤቶች ነጭ ሸራቸውን ዘርግተው የሚያሳዩት አጥተው ተቀመጡ። አንድ ቆራጥ ባለ ሲኒማ ቤት ሸራውን ራሱን ለሁለት ሳምንት አሳይቷል ይባላል፤ የመጀመሪያውን ሳምንት ሰው ጥሩ ገብቶለት ነበር።

የፊልሙን ዓለም ከዚህ ጣጣ ያወጣው አንድ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነው። ዓይኑ ትልልቅ፣ አንገቱ ሁልጊዜ ወደ ኋላ ግማሽ የዞረ ሰው ነበር። ከጀርባው መጥቶ «እንደምን አደርክ» ያለው ሁሉ ፋይል ያስበትነዋል። ሦስት ልጆች አሉት፤ ሚስቱ ለእያንዳንዳቸው ዘጠኝ ወር ሙሉ ሆዷን ይዛ ፊት ለፊቱ ስትመላለስ ከርማ፣ ሦስቱም ሲወለዱ ደንግጧል። አንድ ቀን ደብዳቤ ሊያስፈርም ኮሚቴው ወዳለበት ጨለማ አዳራሽ ገባ። ሸራው ላይ ዶክተሩ መርፌውን አወጣ።

«ወይኔ ጉዴ!» ብሎ ጮኸ። ደብዳቤው አንድ ቦታ፣ ማኅተሙ አንድ ቦታ ወደቀ።

ሰባት ራስ ዞረ።

«ምን ሆነህ ነው?» አሉ ሰብሳቢው።

«ይቅርታ ጌታዬ፤ እኔ እኮ ዶክተሩን ደግ ሰው አድርጌው ነበር።»

ያን ዕለት፣ በዚያ ቃል፣ አንድ ሙያ ተወለደ። በሳምንቱ የመዝገብ ቤቱ ሠራተኛ በጽሕፈት ቤቱ ታሪክ የመጀመሪያው «ከፍተኛ የድንጋጤ ባለሙያ» ሆኖ ተሾመ። የሥራ ባልደረቦቹ በአጭሩ ደንጋጩ ይሉታል።

አሠራሩ ቀላል ነው። ደንጋጩ ከፊት ረድፍ መሐል ይቀመጣል፤ ኮሚቴው ከጎንና ከጎን ተደርድሮ እሱን ያያል። እጁን ደረቱ ላይ ካደረገ ሦስተኛ ደረጃ ድንጋጤ ነው፤ ከወንበሩ ከተነሣ ሁለተኛ ደረጃ፤ «ወይኔ ጉዴ!» ካለ አንደኛ ደረጃ። ጸሐፊዋ ሰዓቷን አይታ ትመዘግባለች። ኃላፊዎቹ ከእንግዲህ መደንገጥ አያስፈልጋቸውም፤ ለዚያ ሠራተኛ ተቀጥሯል።

ፊልም ሠሪዎች ደግሞ ሞኞች አይደሉም። ሚሊዮን ተመልካች ማጥናት አድካሚ ነው፤ አንድ ሰው ማጥናት ግን የሁለት ሳምንት ሥራ ነው። ደንጋጩ ድመት እንደሚፈራ ደረሱበት፤ ከዚያ ወዲህ በተሠራ ፊልም ሁሉ አርባኛው ደቂቃ ላይ ከቁም ሣጥን ድመት ይዘላል፣ ፊልሙ ስለ ባሕር ኃይል ቢሆንም። መንታ ሲያይ ልቡ እንደሚከዳው ደረሱበት፤ በስድስተኛው ዓመት ሸራ ላይ ብቻውን የተወለደ ሰው ጠፋ። የተቀበረ ሰው በር ሲያንኳኳ ከወንበሩ እንደሚነሣ ደረሱበት፤ ተዋንያን ውል ሲፈርሙ ከሞቱ በኋላ ለሚሠሩት ሥራ ለብቻው መደራደር ጀመሩ።

ሕዝቡም ተማረ። አንዲት ልጅ እጮኛዋን ለአባቷ ስታስተዋውቅ አባት የሚጠይቁት ሥራውን አይደለም።

«መንታ ወንድም አለህ?»

«የለኝም፣ አባባ።»

«እሱ ነው የሚያጠራጥረው።»

እንዲህ እያለ አሥር ዓመት አለፈ። በአሥራ አንደኛው ዓመት አንድ ጠዋት ደንጋጩ ሥራ ላይ ሳለ በሕይወቱ ደርሶበት የማያውቅ አስፈሪ ነገር ደረሰበት። ሳይደነግጥ ቀረ።

ፊልሙ የታወቁትን ጉዶች ሁሉ በአንድ ላይ የያዘ ነበር። መበለቲቱ የሬሣ ሣጥኑን ስትከፍት ውስጡ ያገኘችው የገዛ መንታዋን ነው፤ መንታዋ ደግሞ ድመት ታቅፋለች። ደንጋጩ ሸራውን አየ። «አዎ፤ እንግዲህ» አለ በልቡ። ቀጥሎ ጭኑ ላይ የተቀመጠውን እጁን አየ። እጁ አልተነሣም። በሌላኛው እጁ አንሥቶ ደረቱ ላይ አስቀመጠው። «ወይኔ ጉዴ» አለ፣ የታክሲ ረዳት ፌርማታ በሚጠራበት ድምፅ። ጸሐፊዋ ሰዓቷን አየች፤ እሱንም አየችው፤ ጻፈች።

ስድስት ወር አስመሰለ። ጠዋት ሽንት ቤት ገብቶ መስተዋት ፊት ዓይኑን እያፈጠጠ ይለማመዳል። ነገሩ ግን ሳይሸተት አልቀረም። ለመሸተቱ የሰብሳቢው አማች አስተዋጽኦ ቀላል አልነበረም፤ ይህ ሰው ሥራ ፈላጊ ሲሆን ስልክ ሲጠራ ጠረጴዛ ሥር የሚገባ፣ በተፈጥሮው ለሙያው የታደለ ነበር። በመጨረሻ ደብዳቤ ወጣ። «ከቴክኖሎጂው ጋር እኩል መራመድ አስፈላጊ ሆኖ በመገኘቱ፣ የከፍተኛ የድንጋጤ ባለሙያው ብቃት በልብ ምት መለኪያ መሣሪያ ታግዞ እንዲታደስ» ይላል። ልቡ ካልዘለለች ወደ መዝገብ ቤት ይመለሳል፤ ለሙያው የተመደበውም ባለ ሦስት ክፍል ቤት ለተተኪው ይተላለፋል። ሁለቱ ሴቶች ልጆቹ የራሳቸው ክፍል ያገኙት በድንጋጤ ነው። ለሚስቱ አልነገራትም። ደብዳቤውን ሲያነብ እንኳን አለመደንገጡ ነገሩን አባሰበት።

የፈተናው ፊልም የሚመረጠው በወረፋ ነው። ደንጋጩ በዋዜማው ወደ ምዝገባ መስኮቱ ወርዶ ጆሮውን ጣል አደረገ፤ ምናልባት ደህና ድመት ያለበት ይሆናል። መስኮቱ ላይ አንዲት ሴትዮ ቆማለች፤ ከጆሮዋ በላይ እርሳስ ሰክታለች። ሃያ ዓመት የሌሎችን ፊልም ስትቆርጥና ስትቀጥል ኖራ አሁን የራሷን ይዛ የመጣች አዘጋጅ ናት።

«ርእሱ?» ይላል መዝጋቢው።

«አንሶላ።»

«ጉዶቹ ስንት ናቸው?»

«ጉድ የለውም።»

«ዜሮ ልበል?»

«በል።»

«ዜሮ አይቀበልም፤ ሳጥኑ ከሦስት ነው የሚጀምረው። እሺ፣ ማን ነው የሚሞተው?»

«ማንም።»

«የሞተ መስሎ የሚቆይስ?»

«ሁሉም ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በሕይወት አሉ።»

«ታዲያ መጨረሻው ምንድን ነው?»

«ያልቃል።»

መዝጋቢው እስክሪብቶውን አስቀመጠ። «እስቲ ስለ ምን እንደሆነ ንገሪኝማ፣ እትዬ።»

«ጃንጥላ የሚጠግን ባል አለ፤ የሆቴል አንሶላ የምታጥብ ሚስት አለች። አንድ ቀናቸው ነው።»

«እና?»

«እና ሁለተኛ ቀናቸው።»

ደንጋጩ ጣል ያደረገውን ጆሮ ሰብስቦ ወጣ። ቤቱ፣ የልጆቹ ክፍል፣ ማዕረጉ፣ ሁሉም በጃንጥላና በአንሶላ ሊሄድ ነው።

በነጋታው የጤና ባለሙያው መሣሪያውን ክንዱ ላይ አሰረለት። ሰብሳቢው አጭር የሃያ አምስት ደቂቃ ንግግር አደረጉ። አማችየው በተጠባባቂነት ጥግ ላይ ተቀምጦ ነበር፤ መብራቱ ገና ሲጠፋ «እሪ!» አለ፣ ኮሚቴውም በአድናቆት ራሱን ነቀነቀ።

ፊልሙ ጀመረ። ሰውየው ጃንጥላ ይጠግናል። ሴትየዋ አንሶላ ታጥባለች። እሱ መርፌ ውስጥ ክር ያስገባል፤ ክሩ እምቢ ይላል፤ በምላሱ ያርሰዋል፤ ይገባል። እሷ ታጥባለች፣ ትጨምቃለች፣ ታሰጣለች። ኮሚቴው ለመጀመሪያ ጊዜ ደንጋጩን ትቶ ወደ ሸራው ዞረ፤ እንዲህ ያለ ጭንቀት ደርሶበት አያውቅም።

«ጃንጥላው ውስጥ ቢላ አለ» አለ የበጀት ኃላፊው በሹክሹክታ።

«ተው፤ ውሃው ነው የተመረዘው።»

«እንዲሁ ነው የምታጥበው?»

«እንዲሁማ አታጥብም! ሰው እንዲሁ ያጥባል?»

ሃምሳ ሁለተኛው ደቂቃ ላይ ሴትየዋ የደረቀውን አንሶላ ሰብስባ ገባች፤ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች፤ ማጠፍ ጀመረች። ሰውየው ከጃንጥላው ቀና አለ። አያት።

«ደከመሽ?» አላት።

«ትንሽ» አለችው።

መርፌውን ሰካና ተነሣ። የአንሶላውን ሌላ ጫፍ ያዘ። አብረው አጠፉት።

ደንጋጩ እጁን ደረቱ ላይ አላደረገም። ከወንበሩም አልተነሣም። «ወይኔ ጉዴ» አላለም። ከሦስቱ ደረጃዎች አንዱም ውስጥ ሳይገባ ሸራውን እያየ ቀረ። መሣሪያው ግን የሻይ ማንቆርቆሪያ ይመስል ጮኸ። የጤና ባለሙያው ደንግጦ ሊያጠፋው ሲል ነካክቶ አባሰው።

ፊልሙ ቆመ፣ መብራት በራ።

«የት ጋ ነው የደነገጥከው?» አሉ ሰብሳቢው።

«እዚያ ጋ፣ ጌታዬ። አንሶላው ጋ።»

ምርመራው እስከ ከሰዓት ዘለቀ። ትዕይንቱን ስድስት ጊዜ መላልሰው አዩት። አንሶላ ተቆጠረ፤ አሥራ አንድ ናቸው። ሬሣ የተጠቀለለበት እንዳለ ለማጣራት የእያንዳንዱ ውፍረት ታየ። አልጋው ሥር ተጎልቶ የታየው ጥቁር ነገር ድመት ነው ተብሎ ትልቅ ተስፋ ተጥሎበት ነበር፤ ጫማ ሆነ። በመጨረሻ የሕግ አማካሪው ጉሮሮውን ጠረገ።

«ክቡር ሰብሳቢ፣ ጉዱ አንሶላው ላይ አይደለም። ጥያቄው ላይ ነው።»

«የቱ ጥያቄ?»

«ባልየው ሚስቱን ‹ደከመሽ?› አላት።»

ሰብሳቢው መነጽራቸውን አወለቁ።

«ይህን ቀድሞ ያወቀ አለ?»

በጽሕፈት ቤቱ ታሪክ ለመጀመሪያ ጊዜ «እኔማ» የሚል ጠፋ።

«እስቲ በግልጽ እንነጋገር። እዚህ ያለነው ሁላችንም ባለትዳር ነን። በቤቱ እንዲህ ብሎ የሚያውቅ አለ?»

«እኔ አንድ ጊዜ ብያለሁ» አለ የበጀት ኃላፊው። «ቀዶ ጥገና ክፍል ሊያስገቧት ሲሉ።»

«የሆስፒታል አይቆጠርም።»

«እኔ ‹ደከመኝ› እላለሁ» አለ ሌላው። «ይቀራረባል።»

«አይቀራረብም።»

ውሳኔው በሙሉ ድምፅ ተላለፈ። «ባለትዳር የሆነ ወንድ፣ ሕመም፣ ሞት ወይም እንግዳ ሳይኖር፣ በሥራ ቀን፣ ሚስቱን ደከመሽ ብሎ መጠየቁ ማንኛውም ጤናማ ተመልካች ሊጠብቀው የማይችል እጥፋት ሆኖ ስለተገኘ፣ ብቻውን ለሦስት እንዲቆጠር» ተባለ። ጸሐፊዋ ቃለ ጉባኤውን አንገቷን ሳታነሣ ጻፈች። እስክሪብቶዋ ብቻ ወረቀቱን ሁለት ቦታ ላይ ቀደደው።

ደንጋጩ ተንፍሶ ሳያበቃ አንድ ነገር ቀረ፤ የፊልሙ ባለቤት ጉዱ ጉድ መሆኑን አምና መፈረም አለባት። ተጠራች።

«ፈርሚ እህቴ፤ ፊልምሽ በክብር አልፏል» አሉ ሰብሳቢው።

«ምን ብዬ ነው የምፈርመው?»

«ባልየው መጠየቁ ያልተጠበቀ እጥፋት መሆኑን።»

«እጥፋት አይደለም እኮ! ባሏ ነው፤ ስትደክም ያያታል፣ ይጠይቃታል። ሃምሳ ሁለት ደቂቃ ሙሉ ሳሳያችሁ የቆየሁት የሚጠይቅ ሰው መሆኑን ነው።»

«እኛ አልታየንም።»

«እሱንማ እኔም አየሁ።»

«እንግዲህ እህቴ፣ ፊልም ካላስደነገጠ በምን ጥሩ ይባላል?»

«ፊልም ጥሩ የሚሆነው ባስደነገጠ ከሆነ፣ ከጀርባዎ የሚነፋ የመኪና ጡሩምባ ከሁሉም የበለጠ ፊልም ነው።»

ሰብሳቢው ይህን በጽሞና ሰሙ። ወደ በጀት ኃላፊው ዘንበል ብለው፣ «ያዘው፤ ጡሩምባው ይጠና» አሉ።

ሴትዮዋ ሳትፈርም ወጣች። ሕጉም ግልጽ ነው። ባለቤቷ ጉድ የለውም ካለች ፊልሙ ጉድ የለውም፤ ፊልሙ ጉድ ከሌለው ደግሞ ደንጋጩ የደነገጠው በምንም ነው። ያለ በቂ ምክንያት መደንገጥ ከአለመደንገጥ የከፋ የሥነ ሥርዓት ጥፋት ነው። ሦስት ቀን ተሰጠው። አማችየው ባለ ሦስት ክፍሉን ቤት ከውጭ ሲለካ ታይቷል።

ደንጋጩ ሴትዮዋን ፈልጎ የሥራ ክፍሏን አገኘ። ከቁልፍ ቀራጭ ሱቅ በላይ ያለች ጠባብ ክፍል ናት፤ ከታች የቁልፉ መሞረጃ ሲንጣጣ ወለሉ ይርገበገባል። ወንበር ስባ አልሰጠችውም፤ ወንበር አልነበራትም።

«እባክዎ ይፈርሙልኝ። ሦስት ልጆች አሉኝ።»

«እርስዎ ነዎት የጮሁት?»

«እኔ አልጮህኩም፤ መሣሪያው ነው የጮኸው።»

«ደንግጠው ነው?»

ደንጋጩ አሰበ። አሥራ አንድ ዓመት ስለ ድንጋጤ የጻፈው ሪፖርት ሁሉ ለዚህች ጥያቄ አልበቃ አለው። «አይመስለኝም» አለ። «ድንጋጤን አውቀዋለሁ፤ ሥራዬ ነው። ይኼ ሌላ ነው። የሆነ ነገር... ያላየሁት ነገር ያየሁ መሰለኝ።»

ሴትዮዋ እርሳሷን ከጆሮዋ ላይ አወረደች። ድምፅዋም ቀለል አለ።

«እንግዲያው እንዲህ እናድርግ። ዛሬ ቤትዎ ይግቡና ባለቤትዎን ‹ደከመሽ?› ብለው ይጠይቋት። ካልደነገጠች ልክ ነኝ፤ ጉድ አይደለም፤ አልፈርምም። ከደነገጠች ግን እናንተ ልክ ናችሁ፤ እፈርማለሁ።»

«ቃል?»

«ቃል። ግን አስመስለው እንዳይነግሩኝ።»

ከእንግዲህ ያለው ነገር ቀላል መስሎት ወደ ቤቱ ሄደ። በር ላይ ሲደርስ ቀላል አለመሆኑ ገባው። ሚስቱ የልጆቹን ዩኒፎርም እየተኮሰች ነው። ተቀመጠ። ተነሣ። ውሃ ጠጣ። ሳይጠማው ደገመ። ማታ ማታ ለሚስቱ የሚላቸው ቃላት በቁጥር የታወቁ ነበሩ፤ «ራት ደረሰ?»፣ «ልጆቹስ?»፣ «ካልሲዬን የት አደረግሽው?» አዲስ ቃል እዚያ መሐል ማስገባት መንገድ ላይ ቆሞ መዝፈን መሰለው።

«ስሚማ» አለ።

«ካልሲህ ሁለተኛው መሳቢያ ውስጥ ነው።»

«ካልሲ አይደለም። ደከመሽ?»

እጇ ካውያው ላይ እንዳለ ቀጥ አለች።

«ምን አልከኝ?»

«ደከመሽ ወይ ነው ያልኩት።»

«ማን ሞተ?»

«ማንም አልሞተም።»

«እናቴ ናት አይደል? ቀስ አድርገህ ልታረዳኝ ነው! እኔ እኮ ትናንት ስልክ አላነሣ ስትለኝ ጠርጥሬ ነበር!»

«ኧረ እናትሽ ደህና ናቸው!»

«ታዲያ ሐኪም ቤት ሄደሃል። ምን አሉህ? አትደብቀኝ፤ እኔ እችለዋለሁ።»

«ምንም አላመመኝም።»

«ከሥራ አስወጡህ?»

«ገና ነው።»

«‹ገና ነው› ምን ማለት ነው? አንተ ሰውዬ፣ ሌላ ሴት ይዘህ እንደሆነ ቁርጡን ንገረኝ!»

በዚህ መካከል ሽታ ሸተተ። ካውያው ሸሚዙ ላይ ተረስቶ የራሱን መልክ አትሞበታል። ሚስትየው ሸሚዙን አላየችውም፤ ስልኳን አንሥታ እህቷ ጋ ደወለች። እህቷ ሁለት ጎረቤት አስከትላ በሩብ ሰዓት ከተፍ አለች።

«ጋሼ፣ ምን ሆነህ ነው?»

«ምንም አልሆንኩም!»

«‹ደከመሽ?› አላት አሉ» አለች አንዷ ጎረቤት ለሌላይቱ።

«ዝም ብሎ?»

«ዝም ብሎ!»

«ወይ ፈጣሪዬ፤ የኔም ከመሞቱ በፊት ሳምንት ሲቀረው እንዲህ የዋህ ሆኖ ነበር።»

መውጫ ሲያጣ እውነቱን ተናገረ። ፈተናውን፣ ደብዳቤውን፣ ቤቱን፣ ሴትዮዋን፣ ሁሉንም አወጣው። «ለሥራ ነው የጠየቅኳት» አለ።

ሚስቱ ትንፋሿን ለቀቀች። «ለሥራ ነው? እንዲህ አትለኝም ታዲያ ከመጀመሪያው! ልቤን እኮ ነው ያቆምከው» አለችና ወደ ካውያዋ ተመለሰች። እህቷና ጎረቤቶቹም ደህና እደሩ ብለው ሄዱ። ለጥያቄው መልስ የሰጠ የለም። ደንጋጩም አልደገመው፤ ለጉዳዩ የሚያስፈልገው ድንጋጤው ነበር፣ መልሱ አይደለም።

በነጋታው የተቃጠለውን ሸሚዝ በፌስታል፣ የፊርማውን ቅጽ በኪሱ ይዞ ወደ ሴትዮዋ ገሰገሰ። ፊቱ እንዲህ በርቶ አያውቅም።

«አንደኛ ደረጃ!» አለ ገና ከበሩ። «አስመስዬ አይደለም፤ ማስረጃ አለኝ። እህቷ ተጠርታለች። ሁለት የዓይን ምስክር አለ። ይኸው ሸሚዙ!»

ሴትዮዋ ሸሚዙን ዘርግታ አየችው። የካውያው ቅርጽ ጀርባው ላይ በደንብ ወጥቷል። ቀስ ብላ አጠፈችው።

«ምን መለሰችልዎ?»

«ማን?»

«ባለቤትዎ። ደክሟት ኖሯል?»

ደንጋጩ ባዶውን ፌስታል አጣጠፈ። ከታች የቁልፉ መሞረጃ ተንጣጣ።

«እሱን እንኳን... አልጠየቅኳትም» አለ። «ማለቴ ጠይቄያታለሁ፤ ግን ከዚያ በኋላ አልጠየቅኳትም።»

ሴትዮዋ ለቅጹ እጇን ዘረጋች። «አምጣ» አለች፣ ‹እርስዎ›ዋን ረስታ። «ተሸንፌያለሁ። ይኼስ ጉድ ነው።» ፈረመች።

ደንጋጩ ብቃቱ ታደሰለት፤ ቤቱም ጸናለት። አማችየው በጡሩምባው ጥናት ላይ በተመራማሪነት ተቀጠረ። «አንሶላ» በአራት ሲኒማ ቤቶች ተከፈተ፤ ፖስተሩ ላይ «የሃምሳ ሁለተኛውን ደቂቃ ምሥጢር ላላየ ሰው መንገር ያስቀጣል» ተብሎ ተጽፏል። ሃምሳ ሁለተኛው ደቂቃ ሲደርስ ወንዶቹ ባንድ ድምፅ ይጮሃሉ። ሴቶቹ አይጮሁም፤ ሰውየው ምን ፈልጎ እንደሆነ ለማየት ወደ ፊት ዘንበል ብለው ይጠብቃሉ። ምንም ሳይፈልግ ፊልሙ ሲያልቅ ከወንበራቸው ለመነሣት ጊዜ ይወስድባቸዋል።

ጽሕፈት ቤቱ ግን አርቆ አሳቢ ነው። ጉድ የሚኖረው እስካልተለመደ ድረስ ነው፤ ይህን ፊልም ያየ ባል ሁሉ ቤቱ ገብቶ የሞከረው እንደሆነ ነገሩ ይለመዳል፣ ፊልሙም ዋጋ ያጣል። ስለዚህ አስቸኳይ መመሪያ ወጣ። «የእጥፋቱን ኃይል ለመጠበቅ ሲባል፣ ማንኛውም ባለትዳር ወንድ ሚስቱን ‹ደከመሽ?› ብሎ ከመጠየቅ እንዲቆጠብ በጥብቅ እናሳስባለን» ይላል።

ጽሕፈት ቤቱ ከተመሠረተ ጀምሮ ካወጣቸው መመሪያዎች መካከል መቶ በመቶ የተፈጸመው ይህ ብቻ ነው። ሥልጠና አልተሰጠበትም፣ ተቆጣጣሪ አልተመደበለትም፣ ግን በከተማው ውስጥ አንድም ጥሰት አልተመዘገበም። ሰብሳቢው በግማሽ ዓመቱ ስብሰባ ላይ ድምፃቸው እየተቆራረጠ፣ «ሕዝባችን ሲያምንበት ምን ማድረግ እንደሚችል አየን» አሉ።

የጽሕፈት ቤቱ ሠራተኞች ለሌላው አርአያ መሆን ስላለባቸው መመሪያውን ሚስቶቻቸው አንብበው እንዲፈርሙበት ታዘዘ። ደንጋጩ ወረቀቱን ይዞ ማታ ቤቱ ገባ። ሚስቱ እጇን በቀሚሷ ጠርጋ ተቀበለችው። ከላይ እስከ ታች አነበበችው፤ ማኅተሙን ሳይቀር አየችው። እስክሪብቶ እንዲሰጣት እጇን ዘረጋች።

«ከመቼ ጀምሮ ነው የሚሠራው?» አለችው።

«ከዛሬ ጀምሮ።»

«እንዴ!» አለች እየፈረመች። «እኔ ደግሞ ከተጋባን ጀምሮ መስሎኝ።»